ከየት ተነስተው የት ደረሱ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ኮፒ ለማንሳት ከቤቱ የወጣ ሰው እስከ ቀትር የሚዘልቅ ክርክር ይጠብቀኛል ብሎ አያስብም። የስምንተኛ ክፍሉ የሒሳብ መምህርም አላሰቡም። አንዲት ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ከተው፣ ማኅደሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡ። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ ማሽን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ባዶ ወረቀት፤ ከዚያ የተረፈው ቦታ የባለቤቷ ነው፣ እሷም ቀጭን ሴት አይደለችም።

ተማሪዎች እኚህን መምህር በሌሉበት «ሩብ» ይሏቸዋል። መልሱ ትክክል ሆኖ «ሜትር» የምትለዋ ቃል ከጎኑ ከተረሳች ሩብ ነጥብ ስለሚቀንሱ ነው። ስሙ ጆሯቸው ደርሷል፤ አልተቀየሙም። ሩቧን የሚያይ ዓይን ሙሉውን አይስትም ብለው ያምናሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፣ ከዚህ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት የመምህራን ደረጃ ሲወጣ አንደኛ ነበሩ። ደረጃው የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይታረማል፣ የየክፍሉ አማካይ ይሰላል፣ አማካዩ ከፍ ያለለት መምህር ከላይ፣ ዝቅ ያለበት ከታች ይጻፋል። ዐሥራ ዘጠኙም የምስክር ወረቀቶች ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ሌላ ከተማ ይኖራል፤ ግድግዳውን ከእሳቸው በቀር የሚያየው የለም። ሰው ብቸኝነቱን በሥራ ሲሸፍነው ታታሪ ይባላል እንጂ ብቸኛ አይባልም፤ እሳቸውም ታታሪ ሲባሉ ኖረዋል።

«እንዴት አደሩ መምህር? ስንት ኮፒ?» አለች ባለቤቷ።

«ሦስት። ጥርት አድርገሽ።»

ወረቀቱን ከማሽኑ አናት ላይ ሰካችው። ማሽኑ ወረቀቱን ጎትቶ ዋጠ፣ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። አምፖሉም አብሮ ጠፋ።

«ይኸው! መብራት ሄደ። አይዞዎት፣ ሲመጣ ራሱ ይተፋዋል።»

«በእጅ አይወጣም?»

«በእጅ ከጎተትኩት ለሁለት ይቀደዳል። ባለፈው የአንድ ሰውዬ የጋብቻ ወረቀት ለሁለት ቀድጄበት፣ አመስግኖኝ ሄደ።»

መምህሩ አልሳቁም። ወረቀቱን ትተው መሄድ አይችሉም። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው የዘንድሮው የመምህራን ደረጃ ነው። ሰኞ ጠዋት የግምገማ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው። በደንቡ መሠረት ሦስት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ መምህር ከማስተማር ይነሣና ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል፤ ጠመኔ ሲያድልና የተሰበረ ወንበር ሲመዘግብ ይኖራል። ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም መጨረሻ የወጣችው ያቺው የስምንተኛ መ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት። የቀረው የሰብሳቢው ፊርማ ብቻ ነው።

ከሰው ሁሉ ተመርጣ፣ በዚያች ሰዓት በሩን ገፋ አድርጋ የገባችው ራሷ ነበረች። በሁለት እጇ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛለች፤ ጣቶቿ ላይ የብዕር ቀለም አለ።

«ጋሼ! እንደምን አደሩ? ኧረ በሞቴ አይነሡ፣ ይቀመጡ!»

«ደህና ነሽ ልጄ? ነይ፣ ይኸውልሽ በርጩማ። ቅዳሜም ሥራ አለ እንዴ?»

«የማጠናከሪያ ጥያቄ ነው ጋሼ፤ ልጆቹ በዕረፍቱ እቤታቸው እንዲሠሩት።»

«ፈተናው አልቆ?»

«ፈተናው አለቀ እንጂ እነሱ አላለቁም።»

መምህሩ ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ ሰደዱ። ይህች ልጅ ሰኞ የሚጠብቃትን ታውቅ ይሆን እያሉ ሲያሰላስሉ እሷው ቀደመቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔና እርስዎ መደባበቅ የለብንም። ሰኞ በእኔ ጉዳይ እንደምትሰበሰቡ ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ ደንግጠው።

«ማን ያልነገረኝ አለ?»

እውነቷን ነው። በትምህርት ቤት ምስጢር የሚባለው ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ነገር ነው።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው እኔም በግልጽ ልንገርሽ፤ ጥላቻ እንዳይመስልሽ። ጠዋት ከዘበኛው እኩል ትገቢያለሽ፣ ማታ ከጽዳት ሠራተኞቹ በኋላ ትወጪያለሽ። ዓይኔ ያያል። ነገር ግን በድካም ቢሆን አህያ ባለሥልጣን ትሆን ነበር። አናጺ የሚመዘነው በወንበሩ ነው፣ በላቡ አይደለም። የአስተማሪ ወንበሩ ደግሞ የተማሪው ውጤት ነው።»

«መልካም፤ በውጤት እንመዘን። ግን በየትኛው ውጤት ጋሼ? እኔ ባስተማርኳቸው ነው ወይስ ከእኔ በፊት ይዘውት በመጡት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጆቹ በየክፍሉ የሚደለደሉት በምንድን ነው?»

«ይህማ የታወቀ ነው። በሰባተኛ ክፍል ውጤታቸው። ከፍተኛ ያመጡት ሀ ክፍል፣ ቀጥሎ ለ፣ ቀጥሎ ሐ፣ የተረፉት መ።»

«መምህራንስ?»

«ነባሩ ሀን ይይዛል፣ አዲሱ መን። የታላቅ ወግ ነው። እኔም ስጀምር መ ክፍልን ይዣለሁ።»

«ስንት ዓመት ያዙት?»

«አንድ ዓመት» አሉና ጨመሩ፤ «ከዚያ የለ ክፍሉ መምህር ጡረታ ወጡ።»

የኮፒ ቤቷ ባለቤት ከጠረጴዛው ጀርባ ሳቋን ዋጠች።

«እንግዲህ ይፍረዱ ጋሼ» አለች መምህርቷ፤ «ማን አንደኛ እንደሚወጣ ገና በመጀመሪያው ቀን ታውቆ ያደረ ውድድር ውድድር ይባላል?»

መምህሩ ተቆጡ። የተቆጡት ነገሩ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥያቄ ጠያቂው እሳቸው ነበሩና መጠየቅ አልለመዱም።

«ቆይ፣ ቆይ! ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ ወረቀት ለሰው ፊት አያደላም። ውጤት የማይቆጠር ከሆነ፣ እግሩን ሰቅሎ ጋዜጣ ሲያነብ የሚውለውም መምህር ‹ምን ላድርግ፣ ልጆቼ ደካሞች ናቸው› ብሎ ይገላገላላ! ሰነፍ መደበቂያ አያጣም ልጄ። ከጎሬው የሚያወጣው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ባይኖር የስንቱ ሰው ልጅ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር፣ እስቲ ንገሪኝ?»

«በዚህስ አልከራከርዎትም» አለች በትሕትና። «ውጤት ይጣል አላልኩም። እንዲያውም ከእርስዎ ይልቅ እኔ ሳልጽፍ አልቀርም፤ ይኸው።» ከወረቀቱ እቅፍ ሥር ጠርዙ የተላጠ ደብተር አወጣች። «በመጀመሪያው ሳምንት ያለፈውን ዓመት የሰባተኛ ክፍል ፈተና ሰጠኋቸው። አማካያቸው ከመቶ ሃያ ሦስት ሆነ። ማባዛት የማይችሉ ዐሥራ ሰባት ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ አርባ ስድስት አመጡ።»

«አርባ ስድስት ወድቋል።»

«ወድቋል። ሃያ ሦስት ግን ከመውደቅም በታች ነበር። የእርስዎ ልጆች ዘንድሮ ስንት አመጡ?»

«ሰማንያ ሦስት» አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

«ከየት ተነስተው?»

መምህሩ ማኅደሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። ቁጥሩ እቤታቸው መዝገብ ላይ እንዳለ ያውቃሉ፣ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ከመጨረሻው ቁጥር ጎን አስቀምጠው ያዩት ቀን ግን ትዝ አላላቸውም።

በዚህ መሐል የኮፒ ቤቷን ባለቤት አላስችል አላት። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ቤቴ ውስጥ ስለሆናችሁ ልግባበት። ሰው ጥቁር፣ ጥርት ያለ ወረቀት ይዞልኝ ሲመጣ ኮፒው ያምራል። ‹እንዴት ያለ ማሽን አለሽ!› ይለኛል። ሌላው ደግሞ አያቱ ትራስ ሥር ሃያ ዓመት የተኛ ውል ያመጣልኛል። አጠቁሬ፣ አቃንቼ፣ ሦስት አራት ጊዜ አንስቼ፣ የማይነበበውን አስነብበዋለሁ። ‹ደብዝዟል› ብሎኝ ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል። ማሽኔ ግን የደከመው ለማን ነው?»

«ልጅ ወረቀት አይደለም!» አሉ መምህሩ።

«አዎ፣ አይደለም» አለች መምህርቷ። «ወረቀት ቢሆንማ ደብዛዛ ነህ ሲሉት አይሰማም ነበር።»

መምህሩ ወለሉን አዩ። ቢሆንም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ያላቸውን የመጨረሻ ጥይት ተኮሱ። «እሺ፣ ያንቺን መንገድ እንያዝ። ዘጠና ይዞ የመጣ ልጅ ወዴት ይውጣ? ጣሪያው መቶ ነው። ከታች ላለ ሰው መውጣት ይቀለዋል። ያኔ ደግሞ እኔ አልበደልም?»

«ይበደላሉ» አለች ሳታመነታ።

መምህሩ ቀና አሉ። ይህን አልጠበቁም።

«ስለዚህ ነው የእኔንም ቁጥር ብቻውን አትመኑ የምለው። አንድ ዓመት ያሳስታል፤ ሕመም አለበት፣ ዕድል አለበት፣ እቤት ውስጥ ያለ ጣጣ አለበት። የሁለት የሦስት ዓመቱ ይታይ። ሰው ደግሞ ክፍሌ ገብቶ ሳስተምር ይየኝ፤ የልጆቹን ደብተር ይገላልጥ፤ ከልጆቹ ጋር ያውራ። ቁጥር ‹እዚህ ጋ ምን ሆነ?› ብሎ ይጠይቅ እንጂ ፍርዱን ሰው ይስጥ። እኔ ጋ እስከ ዛሬ የገባ ሰው የለም ጋሼ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን ያንኳኳው የዝርዝሩ ወረቀት ብቻ ነው።»

መ ክፍል ከግቢው ጥግ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ ነው፤ መምህራን ሻይ ሲጠጡ ወደዚያ የሚሄድ የለም። መምህሩ ባዶ ቤት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነገሩ ልባቸውን ነካው።

«አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልተቀየሙኝ?»

«ተናገሪ።»

«በየዓመቱ በሦስተኛው ወር፣ ከስልሳ በታች ያመጡትን ልጆች ከሀ ክፍል ወደ መ ይልካሉ።»

«ለራሳቸው ጥቅም ነው! ከጓደኞቹ እኩል መራመድ ያቃተው ልጅ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው።»

«ዘንድሮ አምስት ናቸው። ውጤታቸው ለእኔ ተቆጠረ፤ ይቆጠር፣ ግድ የለም። አንደኛዋ ልጅ ግን በእረፍት ሰዓት የሀ ክፍል መስኮት ሥር ትቆማለች። ‹ምን ታያለሽ?› ብላት ‹ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጦ እንደሆነ› አለችኝ። ዓመቱ እስኪያልቅ ስታይ ከረመች። ማንም አልተቀመጠበትም።»

መምህሩ ወንበሩን ያውቁታል። ካፖርታቸውን የሚያስቀምጡበት ነው።

መብራቱ መጣ። ማሽኑ አቃሰተና ሦስቱንም ኮፒ አከታትሎ ተፋ። ባለቤቷ ሳታይ ቅርብ ላለችው ሰው አቀበለች፤ ቅርብ የነበረችው መምህርቷ ናት። እሷም ወረቀቱን አየች። ዓይኗ ከላይኛው መስመር ተነስቶ እስከ መጨረሻው ወረደና እዚያው ቆየ። ከዚያ ሦስቱን አስተካክላ፣ በሁለት እጇ ለመምህሩ ሰጠቻቸው።

«ጥርት ብሎ ወጥቷል ጋሼ። ሰኞ በሰላም ያገናኘን።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

እቤታቸው ሲደርሱ ምሳ አላማራቸውም። ሳሎናቸው ውስጥ ስድስት ወንበር አለ፤ አንዱ ብቻ ነው ጨርቁ የሳሳው። ቁም ሳጥኑን ከፍተው የዘንድሮውን መዝገብ አወጡና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ራሳቸው የጻፉትን የሰባተኛ ክፍል አማካይ ከመጨረሻው ገጽ ጋር አስተያዩት። ልጆቹ ሲመጡ ሰማንያ ስድስት ነበሩ። ሲሄዱ ሰማንያ ሦስት። አምና ሰማንያ አምስት መጥተው ሰማንያ አራት ሆነው ሄደዋል። ወደ ኋላ እየሄዱ መዝገብ በመዝገብ ላይ ከመሩ። ከፍ ያለበት ዓመት አለ፣ ባለበት የቆመበት አለ፣ ዝቅ ያለበት ይበዛል። እግዚኦ! በአንደኝነት የመጡ ልጆች በአንደኝነት ሄደዋል፤ መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ምን ሠራሁ አሉ ለራሳቸው።

የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመቱን መዝገብ ከፈቱ። ከዝርዝሩ መሐል አንድ መስመር በቀይ ቀለም ተሠርዟል፤ ከጎኑ በራሳቸው ጽሑፍ «58፤ ወደ መ ተዛወረ» ይላል። የተሠረዘው የገዛ ልጃቸው ነው።

ያን ቀን ያስታውሱታል። ምሳ ላይ ነበር። ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። «ከነገ ጀምሮ መ ክፍል ትገባለህ፤ ሕግ ለመምህር ልጅም አንድ ነው» አሉት። እናቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሳቸው ግን ለልጃቸው ባለማድላታቸው ኩራት ተሰምቷቸው ነበር፤ ወሬው በመምህራን ክፍል ሲወራም ደስ ብሏቸዋል። ልጁ አላለቀሰም። «እሺ፣ መምህር» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤትም «መምህር» ሆኑ። ዛሬ ያ ልጅ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ይደውላል፤ «እንዴት ነዎት መምህር? ጤናዎ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ» ይልና ይሰነባበታሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አክብሮት ነው ብለው ነበር። መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶም አልገደደም።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ፣ የቋንቋ መምህርቷና እሳቸው። ብዕሩ ቀረበ።

«አልፈርምም» አሉ መምህሩ።

ርእሰ መምህሩ ሳቅ አለ፤ በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳል። «ምነው መምህር፣ ሩብ ነጥብ ጎደለበት?»

«ግማሹ ነው የጎደለው። የት እንደደረሱ ይነግረናል፣ ከየት እንደተነሱ አይነግረንም።» ሁለት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ አንዱ የእሳቸው፣ ሌላው ጠርዙ የተላጠው የመምህርቷ ደብተር ነው፤ ጠዋት በሯን አንኳኩተው የተዋሱት። «እዩት። ከሃያ ሦስት ወደ አርባ ስድስት። ይኸኛው ደግሞ ከሰማንያ ስድስት ወደ ሰማንያ ሦስት፤ ይህ የእኔ ነው። እሷን ወደ ንብረት ክፍል የምትልኩ ከሆነ ቁልፉን ከእኔ ጋር እንደምትይዝ አስቡበት።»

«መምህር» አለ ርእሰ መምህሩ፣ ሳቁን ትቶ፤ «ይህን ሚዛን ካፈረሱት ዐሥራ ዘጠኙም አንደኝነትዎ አብሮ ይፈርሳል እኮ።»

«ስለዚህ እኔ ላፍርሰው። ሌላ ሰው ቢያፈርሰው ምቀኛ ትሉታላችሁ።»

«ታዲያ ሰነፉን በምን እንለየው?» አለች የቋንቋ መምህርቷ። ቅዳሜ ዕለት ይህን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

«እንለየዋለን፤ እንዲያውም አሁን ነው የምንለየው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ክፍል እንፈትን፤ መጨረሻ ላይ ከዚያ ጋር እናስተያይ። እንደ እኔ በጥሩ ልጆች ጀርባ የተደበቀ ሰነፍም ያኔ ይወጣል። ዝቅ ያለበትን መምህር ከመፍረዳችን በፊት ክፍሉ ገብተን እንየው፤ የሚረዳው ሰው እንስጠው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ካልተለወጠ ያኔ ይፈረድበት። ልጆቹንም መሐል ዓመት ላይ ከክፍል ክፍል ማባረር ይቅር። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አነሣዋለሁ።»

ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ዘለቀ። ርእሰ መምህሩ ለአንድ ዓመት ይሞከር አለ። ከሰባተኛ ክፍል ያለፉት ልጆች ድልድል ስላለቀ ለአሁኑ ባለበት ይቆይና ለቀጣዩ ዓመት በዕጣ ይቀላቀሉ ተባለ። ወጣቷ መምህርት ሀ ክፍልን እንድትይዝ ተወሰነ።

«መ ክፍልንስ ማን ይያዝ?»

«እኔ» አሉ መምህሩ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ምክር ያለ ፍሬ ወሬ ነውና። ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ደካማ ልጅን እንደ ዕዳ አይሸሹትም፤ ከታች የተነሳ ልጅ የመምህሩን ድካም የሚያሳይ ሆኗልና። በሀ ክፍል የነበሩትም ልጆች ተጠቅመዋል፤ ጥሩ ናቸው ተብለው ይተዉ የነበሩት አሁን ምን ጨመሩ ተብሎ ይጠየቅላቸዋል። አንዱ መምህር የሌላውን በር ያንኳኳል። አንድ ሰው በእርግጥ ሰነፍ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሚዛኑ ተጣመመ ብሎ እየጮኸ ከሥራ ተነሥቷል፤ እሱም ለዓመታት ሦስተኛ ሲወጣ የኖረ ሰው ነበር። ሚዛን ሲስተካከል የሚጮኸው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መምህሩ ያን ሰኞ ከስብሰባው እንደወጡ ለልጃቸው ደወሉ። የመደወያው ቀን አልነበረም።

«መምህር? ምነው፣ ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም። አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ያኔ ወደ መ ክፍል የላክሁህ... ተሳስቼ ነበር። ትምህርቱ ሲያስቸግርህ ላግዝህ ሲገባኝ አባረርኩህ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ።»

ከወዲያ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ሰው መዶሻ ይመታል።

«ለከርሞ እኔም መ ክፍል ገባሁ» አሉ፣ መዶሻው ጋብ ሲል።

«ማን ላከዎት?»

«ራሴን ላክሁ።»

ልጁ ትንሽ የሳቀ መሰላቸው። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ «ከበሩ በስተግራ፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነበር የምቀመጠው። አንድ እግሩ አጭር ነው። ሲጽፉበት ይነቃነቃል፤ የሰው ጽሑፍ ያበላሻል። ወረቀት አጥፈው ከሥሩ ያድርጉበት።»

«እሺ።»

«ሲያደርጉት ደግሞ ይደውሉልኝ... አባዬ።»

ትምህርት በተከፈተ ዕለት መምህሩ ከዘበኛው እኩል ገቡ። ካፖርታቸውን ምስማር ላይ ሰቀሉ። ከበሩ በስተግራ ወዳለው የመጨረሻ ዴስክ ሄደው በመዳፋቸው ጫን አሉት፤ ተነቃነቀ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ልጅ በዚህ ላይ ጽፎ ሩብ ነጥብ ተቀንሶበት ይሆን? ከኪሳቸው ያን ጥርት ብሎ የወጣውን ዝርዝር አወጡ፤ አንደኛ ተብለው የተጻፉበትን። አራት ጊዜ አጠፉት፤ ጎንበስ ብለው ከአጭሩ እግር ሥር አስገቡት። እንደገና ጫን አሉ።

ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ስልካቸውን አወጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «አሁን አይነቃነቅም።»